የቅቤ ነጋዴዋ ጥሩዬ ሪዞርት ስትቀምስ

ሶዶ ገበያ፣ ቅቤ ተራ ገብቶ ጥሩዬን የማያውቅ ሰው ካለ ወይ ለአገሩ እንግዳ ነው፣ ወይ ቅቤ የማይበላ ነው። ወላይታ ውስጥ ቅቤ የማይበላ ሰው ደግሞ ሐኪም ካልከለከለው በቀር አይገኝም። ጥሩዬ ቅቤ ስትፈትሽ ማየት ራሱን የቻለ ትርኢት ነው። የእንሰት ቅጠሉን ትፈታና ቀጭን እንጨቷን እስከ ቅቤው ሆድ ድረስ ትሰዳለች። እንጨቱን መዝዛ ታሸታለች። ጥቂት ከእጇ ጀርባ ላይ ቀብታ ትቀምሳለች። ከዚያ ዝም ትላለች። ያ ዝምታዋ ስንቱን ሻጭ ላብ አጥምቆታል! በመጨረሻ «ንጹሕ ነው» ካለች ገዢው ኪሱን ይዳብሳል፤ «አይ» ካለች ግን ባለቅቤው ጠቅልሎ ወደ ቦዲቲ ገበያ ቢሄድ ይሻለዋል፤ ሶዶ ላይ አብቅቶለታል።

አንድ ጊዜ የገዛ ባሏ እህት የተቀቀለ ድንች የተለወሰበት ቅቤ ይዛ መጣች። ጥሩዬ እንጨቷን ሰደደች፣ አሸተተች፣ ገበያው ሁሉ እየሰማ «አይ» አለች። ዓመት ሙሉ ተኮራረፉ። ጥሩዬ ቅቤ ትሸጣለች እንጂ ሰው ላይ ቅቤ አትቀባም። ይህን ጠባይዋን የሚወዱላትም የሚጠሉባትም አሉ፤ ቃሏን የሚጠራጠር ግን የለም።

እንግዲህ ነገሩ የተጀመረው በዚሁ በቅቤ ነው። ወላይታ ውስጥ ጊፋታ፣ ማለትም በመስቀል ሰሞን የሚውለው የዘመን መለወጫችን፣ ዓመቱን ሙሉ ሲጠራቀምለት የሚኖር በዓል ነው። ወንዱ ለበሬ፣ ሴቷ ለቅቤ ትቆጥባለች። የጥሩዬ ሰፈር ሴቶችም የራሳቸው የቅቤ ማኅበር አላቸው። ዘንድሮ ታዲያ ጥሩዬ ዋጋው ሳይወደድ በክረምቱ ቀድማ ስላስገዛቻቸው የበዓሉ ቅቤ ሁሉ ተገዝቶ አልቆ ገንዘብ ተረፈ። እንዲህ ያለ ነገር ደርሶባቸው ስለማያውቅ መጀመሪያ ደነገጡ።

«እኔ የምለው» አለች አልጋነሽ። አልጋነሽ ልብስ ሰፊ ናት፤ ምላሷ ከመኪናዋ መርፌ ይፈጥናል። «ይቺን ገንዘብ ለምን ለራሳችን አናደርጋትም? አባያ ሐይቅ ዳር ያለውን ሪዞርት ታውቁት የለ?»

ማን የማያውቅ አለ! ከተበላ ከተማ ወደ ታች፣ ቆላው መሀል የተሠራ፣ ዘበኛው ዩኒፎርም የሚለብስበት ቤት ነው። የአንድ ሌሊቱ ዋጋ ደኅና ጊደር ይገዛል እየተባለ ይወራለታል።

«የእህቴ ልጅ ስታገባ ለፎቶ ብለን ገብተናል» አለች አልጋነሽ። «ሙሽሮቹ ውኃው ዳር ተነሡ፤ ፎቶው እንዳለቀ ዘበኛው እኛን እንደ ዶሮ እሽ ብሎ አስወጣን። ያን ቀን አንዲት በኛ ዕድሜ ያለች ሴትዮ ረጅም ወንበር ላይ ተንጋላ አየኋት። ምንም አትሠራም። ምንም! ጥጥ እንኳ አትፈትልም።»

ሴቶቹ ጠጋ ጠጋ አሉ። ከመሀላቸው አንዷ በርኅራኄ «አሟት ይሆናል» አለች።

«አላመማትም! እያረፈች ነው!»

ወሬው ወንዶቹ ጋ ለመድረስ አልዘገየም። የጥሩዬ ባል ቦልቴ ከመጋዘን ጠባቂነት ጡረታ የወጣ፣ የሰፈሩ የበሬ ማኅበር ሰብሳቢ ነው። ክፉ ሰው አይደለም። ሳቅ ይወዳል፤ ሥጋ ደግሞ ከሳቅ አብልጦ ይወዳል። ሴቶቹ በተሰበሰቡበት መጥቶ በሩ ላይ ቆመና «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች አሉ!» አለ። «ውኃ ማየት ካማራችሁ እኔ በባልዲ ሞልቼ ደጃፍ ላይ አስቀምጥላችኋለሁ። በነጻ።»

ወንዶቹ ከኋላው ሳቁ። አልጋነሽ ግን በቀላሉ የምትበገር አይደለችም። «ቅቤ ሳይቀመስ ይገዛል?» አለች ወደ ጥሩዬ ዞራ። «አይገዛም። እንግዲያውስ አንዷ ሄዳ ትቅመስልን። አንቺ ሂጂ። አንድ ሌሊት አድረሽ ነይና ያዋጣል ወይስ አያዋጣም፣ ንገሪን። ያዋጣል ካልሽ በዓሉ ሲያልፍ ሁላችንም እንሄዳለን።»

«አያዋጣም ካለችስ?» አለ ቦልቴ።

«አያዋጣም ካለችማ ምን ቀረን።»

«እንግዲያው የተረፈው ለበሬው ይጨመራል» አለ ቦልቴ። «ዘንድሮ ብቻ አይደለም፤ ከእንግዲህ ከቅቤ የሚተርፍ ሁሉ ለበሬ ነው። ተስማማን?»

ቦልቴ ይህን ያለው ሚስቱን ስለሚያውቅ ነው። ጥሩዬ በውድ ዋጋ ተደስታ አታውቅም። ሴቶቹም ይህን ያውቁታል፤ ስለዚህ ሁሉም ዓይን ዓይኗን አዩ። አሁን «አያዋጣም» ብትል ሴቶቹ ለራሳቸው ገንዘብ የማውጣታቸው ነገር ዳግመኛ አይነሣም። ለወዳጆቿ ብላ በሐሰት «ያዋጣል» ብትል ደግሞ ዕድሜ ልኳን ያላበላሸችው ቃል ይበላሻል። ጥሩዬ የጣቶቿን ቅቤ በቀሚሷ ጠረገችና «እሺ፣ እቀምሳለሁ» አለች።

ፍልሰታ ተፈትቶ ሳምንት እንዳለፈ ነጠላዋን ለብሳ፣ ትንሽ ቦርሳ ይዛ፣ ከሶዶ መናኸሪያ በሚኒባስ ወደ ተበላ ወረደች። ከተበላ በባጃጅ ቀጠለች። ዳሞት ተራራ ከኋላዋ እያነሰ፣ ሙቀቱ እየጨመረ ሄደ። ባለባጃጁ ሪዞርቱ በር ላይ ሲያወርዳት «ሥራ አገኙ እንዴ እማማ?» አላት። ጥሩዬ ሒሳቡን ተከራክራ ከፈለችውና ነጠላዋን አስተካክላ ገባች።

እንግዳ መቀበያው ላይ ክራባት ያሰረ፣ ከአዲስ አበባ ተመድቦ የመጣ ሰውዬ ተቀምጧል። ጥሩዬ ክርኗን ባንኮኒው ላይ አድርጋ የለመደችውን ጀመረች።

«ልጄ፣ ስንት ትቀንሳለህ?»

ሰውዬው ፈገግ አለ። «እማማ፣ እራትና ቁርስ ጨምሮ ነው። ቁርጥ ነው።»

የጥሩዬ ፊት ፈካ። ሰውዬው «ዋጋው አይቀንስም» ማለቱ ነበር። ጥሩዬም ገበያ ላይ ቁርጥ ዋጋ የሚባለውን ነገር አታጣውም። ግን እራት ተብሎ ከአፍ ሳይወርድ «ቁርጥ» ሲከተል የወላይታ ሰው ጆሮ ዋጋ አይሰማም፤ የሚሰማው ጥሬ ሥጋ ነው፣ ከነዳጣው፣ ከነቢላዋው። ጥሩዬ በልቧ «ቁርጥ ካለበትማ ዋጋው ነፍስ አለው» አለችና ሳትከራከር ከፈለች። በሕይወቷ ሳትከራከር የከፈለችበት የመጀመሪያው ቀን ይህ ነው።

ቤቱ ጣሪያው ሣር፣ ውስጡ ግን ቤተ መንግሥት ነው። አልጋው ላይ መላው የቅቤ ማኅበር ጎን ለጎን ይተኛበታል። ጥሩዬ ፍራሹን በቡጢ ደቃች፤ አንሶላውን ገልጣ ስፌቱን አየች፤ አጎበሩን ወደ ብርሃን ዘርግታ ቀዳዳ ፈለገች። እንከን አላገኘችም፤ እንከን ማጣቷ ደግሞ አናደዳት።

ውጭ ስትወጣ ግን እንከኑ ተራ ይዞ ጠበቃት። የሐይቁ ዳር ነጭ አሸዋ ለብሷል፤ አሸዋውን አፍሳ ብታየው እንዲህ ያለ አሸዋ አባያ ዳር አታውቅም። አትክልተኛውን ጠየቀችው፤ «በገልባጭ መኪና መጥቶ ነው» አላት። የሐይቁ ውኃ እንደ ሁልጊዜው ቀይ ነው። ይዋኝበት እንደሆነ ስትጠይቅ አዞ አለ ተባለች። ለመዋኛ ሐይቁ አጠገብ ሌላ ጉድጓድ ቆፍረው ሰማያዊ ውኃ ሞልተውበታል። ውኃ ዳር ውኃ! ጥሩዬ ራሷን ነቀነቀች። የቦልቴ ባልዲ ትዝ አላትና ብቻዋን ተናደደች።

ሥራ ስታጣ እጇ አያርፍም። የጠጣችበትን ብርጭቆ አጠበች። ሻይ የመጣበትን ትሪ ራሷ ተሸክማ ወጥ ቤቱ ድረስ መለሰች፤ ወጥ ቤቶቹ ተያዩ። በረንዳው ላይ ያ የመኪና አሸዋ እየገባ ስላስቸገራት ከቤቱ ጀርባ መጥረጊያ ፈልጋ አገኘችና ጠራረገች። ነፋሱ መለሰው፤ እሷም ደግማ ጠረገች። ቀኑ እንዲህ እያለ መሸ።

እራት ላይ ቀጥ ብላ ተቀመጠች። ቁርጥ ልትበላ ስለሆነ ምሳዋን ዘልላለች። አስተናጋጁ ሰፊ ሳህን አመጣ፤ ሳህኑ መሀል መዳፍ የምታህል የዓሣ ቁራጭ፣ በላይዋ አንዲት ቅጠል አለች። ጥሩዬ ቅጠሏን አንሥታ ሥሩን አየች። ሌላ ነገር የለም።

«ቁርጡስ?» አለችው።

«አዎ፣ ቁርጥ ነው እማማ» አላት አስተናጋጁ፤ ስለ ዋጋው የጠየቀችው መስሎት ነው። እጅ ነሥቶ ሄደ።

እሷም እሺ፣ እየተቆረጠ ይሆናል ብላ ጠበቀች። ዓሣዋን በላች፤ ጠበቀች። ሰዉ በልቶ ተነሣ፤ ጠበቀች። ወንበሮቹ መሰብሰብ ሲጀምሩ ነገሩ ገባት፤ ወይም የገባት መሰላት። ሥጋ ብለው ዋጋ ተቀብለው ዓሣ ሰጧት። በጥሩዬ ሕግ ይህ ድንች የተለወሰበት ቅቤ ነው፤ ፍርዱም የታወቀ ነው። አያዋጣም።

ክፍሏ ስትገባ ግን ንዴቷ በረደና ሐዘን ተተካ። ነገ ሄዳ «አይ» ስትል የአልጋነሽ ፊት ምን እንደሚመስል ታያት። ቦልቴ እንዴት እንደሚስቅ ታያት። ያቺን «አሟት ይሆናል» ያለችውን ሴትዮ አሰበች፤ ያረፈች ሴት አይታ የታመመች የመሰላት ምስኪን። «ምነው አንድ ደግ ነገር ባገኝልሽ» አለች ጥሩዬ ለጣሪያው። ውሸት ግን አትችልም። አንድ ጊዜ ከዋሸች ነገ እንጨቷን ቅቤ ውስጥ ስትሰድ ማን ያምናታል?

ጠዋት ገና ሲነጋጋ ተነሥታ አልጋውን አነጠፈች። እንግዳ ያደረበትን አልጋ ሳያነጥፍ መሄድ ነውር ነው። መታጠቢያ ቤቱን አጠበች፤ ፎጣዎቹን ጨምቃ አሰጣች። በረንዳው ላይ መጥረጊያ ይዛ እንዳጎነበሰች ከኋላዋ ድምፅ መጣ።

«አዬ!»

በአማርኛ ቢሆን ሐዘን ነበር፤ በወላይትኛ ግን «እናቴ» ማለት ነው። ዘወር ስትል የሪዞርቱን ሽርጥ የታጠቀች፣ ሠላሳዎቹን ያጋመሰች ሴት ቆማለች። ስሟ ብሥራት ነው፤ የተበላ ልጅ ናት፤ ክፍል ማጽዳት ሥራዋ ነው።

«ምን እያደረጉ ነው፣ አዬ?»

«እየጠረግሁ ነዋ።»

ብሥራት ወደ ውስጥ ገባች። የተነጠፈውን አልጋ አየች፤ የታጠበውን ወለል አየች፤ የተሰጡትን ፎጣዎች አየች። ተመልሳ መጥታ ደጃፉ ላይ ዘጭ ብላ ተቀመጠችና ሆዷን ይዛ ሳቀች።

«ደሞዜን እንካፈላ! እርስዎ ምንድን ነው ያደረጉት? ይሄ እኮ ሁሉ ዋጋው ውስጥ አለ። የኔ መጥረግ፣ የኔ ማንጠፍ፣ የዚያ ልጅ ሳህን ማንሣት፣ ሁሉን ከፍለውበታል። ገንዘብዎንም ሰጡ፣ ሥራውንም ራስዎ ሠሩ። ታዲያ ምኑን ወሰዱ?»

ጥሩዬ መጥረጊያውን እንደያዘች ቀረች። ገበያ ቆማ ባረጀችበት ዘመን ሁሉ ሚዛን ያጎደለባት ሰው የለም፤ የሞከረ ቢኖርም ሁለተኛ አልሞከረም። አሁን ግን አንዲት ሴት የከፈለችበትን ዕቃ ሳትረከብ መደብር ላይ ትታው ልትሄድ ነው፤ ሴትዮዋም ራሷ ጥሩዬ ናት! እንዲህ ተናድዳ አታውቅም።

«ቁርጡስ?» አለች በቁጣ። «ቁርጥ አለው ብሎኝ ነበር ያ ክራባታም። ዓሣ አበላኝ!»

ብሥራት ነገሩ እስኪገባት ትንሽ ቆየች። ሲገባት ሳቋ እንደገና ተነሣባት፤ ግድግዳ ይዛ «ዋጋው… ዋጋው ነው እኮ ቁርጥ!» አለች። ጥሩዬ መጀመሪያ አፈጠጠች፤ ከዚያ ትናንት ያንን ሁሉ ጊዜ ቢላዋ ስትጠብቅ የተቀመጠችው ትዝ አላት። እሷም ፈነዳች። ሁለቱ ሴቶች በረንዳው ላይ ዕንባ እስኪወርዳቸው ሳቁ። ጥሩዬ እንዲህ የሳቀችበትን ጊዜ አታስታውስም።

«እሺ ልጄ፣ አሁን ምን ላድርግ?» አለች ዓይኗን እየጠረገች።

ብሥራት መጥረጊያውን ከእጇ ወሰደችና ውኃው ዳር ወዳለው ረጅም ወንበር ይዛት ሄደች። «ቁጭ ይበሉ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ይዘዙኝ። ምን ልታዘዝ?»

ይህን ቃል ጥሩዬ ሻይ ቤት ሁሉ ሰምታዋለች፤ አስተናጋጅ ጠረጴዛ እየወለወለ፣ ሌላ ቦታ እያየ የሚለው ነው። እንዲህ ፊት ለፊቷ ቆሞ፣ መልሷን እየጠበቀ ያላት ሰው ግን የለም። ልትመልስ ብትል ቃል አጣች። ምን ልስጥህ፣ ምን ላምጣልሽ፣ ምን ልጨምርልህ ሲል የኖረ አፍ ነው። እናቷ ይህን ሳትጠየቅ ሞተች፤ አያቷም እንዲሁ። ብሥራት አላጣደፈቻትም።

«ውኃ» አለች ጥሩዬ በመጨረሻ።

«ቀዝቃዛ?»

«ሙቅ። ለእግሬ።»

በሳፋ መጣላት። ቅቤ ተራ ሲቆም የሚውለው እግሯ ውኃው ውስጥ ገባና ጥሩዬ ወንበሩ ላይ ተለጠጠች። ወተት ያለው ሻይ አዘዘች፤ መጣ። ጠጥታ ሳትጨርስ ሌላ አዘዘች፤ እሱም መጣ። እንቁላል አዘዘች፤ ቃሪያ ጨምሩበት አለች፤ ቃሪያው አነሰ ብላ መለሰችው፤ ተጨምሮ መጣ። ትእዛዝ ሲለመድ እንዴት ይጣፍጣል! የከፈለችውን እየተረከበች እንደሆነ ሲገባት ድፍረቷ ጨመረና ትራስ አስመጣች።

ከዚያ ድካሟ መጣ። ጥሩዬ ደክሟት እንደኖረ አታውቅም ነበር። ሲሮጥ የኖረ ሰው ላይ ድካም አይደርስበትም፤ ቁጭ ሲል ነው የሚያገኘው። ከወገቧ ተነሥቶ በትከሻዋ አድርጎ እስከ ጣቶቿ ድረስ መጣ፤ የልጅነቷ ማገዶ፣ የአራቱ ልጆቿ አራስ ቤት፣ የጊፋታ ሁሉ ድግስ፣ አንድም ሳይቀር። ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣል አድርጋ አለቀሰች። ሐዘን አልነበረም። ሸክም ሲወርድ ትከሻ እንደሚያምም፣ እንደዚያ ነው። ብሥራት አይታ እንዳላየች በሩቁ አለፈች።

ዕንባዋ ሲያባራ ነጠላውን ገለጠች። ቀዩ ሐይቅ ፀሐይ ወጥቶበት ይንቦገቦጋል። ባዕድ አሸዋውም ቢሆን ለእግር ይመቻል። ጥሩዬ ክፍሉን እስክታስረክብ ድረስ ከዚያ ወንበር ንቅንቅ አላለችም። በመጨረሻ ስትነሣ ደስታዋን የምትሸሽግበት አጥታ ለዘበኛው ሳቀችለት።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሴቶቹ በሙሉ ጥሩዬ ቤት ተሰበሰቡ። ወንዶቹም መጡ፤ እንዲያው ለጨዋታ ነው አሉ። ጥሩዬ ለእንግዶቿ ቦርዴ፣ ወፍራሙን የአገራችንን የእህል መጠጥ፣ ቀድታ ሲያበቃ ቦልቴ ጉሮሮውን ጠረገ።

«በይ እንግዲህ የይስሐቅ እናት» አለ፤ በበኩር ልጃቸው ስም መጥራት ልማዱ ነው። «ያዋጣል ወይስ አያዋጣም?»

«ውድ ነው» አለች ጥሩዬ።

ወንዶቹ ጭብጨባ ጀመሩ። አልጋነሽ መሬት መሬት አየች።

«አልጨረስኩም። ዓሣው ለድመትም አይበቃ። አሸዋው የመጣው በመኪና ነው። ሐይቁ ውስጥ አይገባም፣ አዞ አለ። ቁርጥ ነው ብለውኝ ቁርጡ ዋጋው ሆኖ አረፈው።» የቁርጡን ታሪክ ሳትደብቅ፣ ሳታሳምር ተረከችው፤ ቦልቴ ሳቁ አንቆት ሳል በሳል ሆነ። እስኪያባራ ጠበቀችውና ቀጠለች። «ይህን ሁሉ እንከን ቆጥሬላችኋለሁ። አሁን ደግሞ ስሙ። አንዲት ሴት 'ምን ልታዘዝ' አለችኝ፤ መልስ አጣሁ። ሙቅ ውኃ አዘዝኩ። ውኃውን ሌላ ሰው አሞቀው፣ ሌላ ሰው ተሸከመው፣ ሌላ ሰው ደፋው። ቁጭ አልኩ። ቁጭ ስል ምን ያህል እንደደከመኝ አወቅሁ። እዚህ ቤት ስኖር አላውቀውም ነበር። ያዋጣል።»

ቃሉ የጥሩዬ ነው፤ ሊጠራጠሩት አይችሉም። ቦልቴ ግን ሰብሳቢ ነው፤ በቀላሉ አይረታም።

«የይስሐቅ እናት፣ ውሸታም አላልኩሽም» አለ በእርጋታ። «ግን ቁጭ ለማለት ነው ጊደር የሚያህል ገንዘብ የሚከፈለው? ወንበር እዚህ የለም? ውኃ እዚህ የለም? አንቺን እዚህ ቤት ቁጭ እንዳትይ ማን ከለከለሽ? በነጻ ቁጭ በያ!»

እውነት የሚመስል ነገር ነው። ከሴቶቹም ራሷን የነቀነቀች ነበረች። ቦልቴ ነገሩን ባሳመረበት ኩራት ብርጭቆውን አነሣ፤ ባዶ ነው። ሳያይ፣ ሳያስብ፣ «እኮ ማን ከለከለሽ?» እያለ ባዶውን ብርጭቆ ወደ ጥሩዬ ዘረጋ። ጥሩዬም ሳታይ፣ ሳታስብ፣ ከመቀመጫዋ ተነሥታ እንስራውን ያዘች።

ሁለቱም እኩል ነቁ። እሱ ብርጭቆውን ዘርግቶ፣ እሷ እንስራውን አዘንብላ፣ ባሉበት ደረቁ።

«እዩት!» ብላ አልጋነሽ ጮኸች። «ከልካዩን እዩት!»

ሳቁ ጣሪያውን ሊያነሣ ምንም አልቀረው። ሴቶቹ እልል አሉ። ወንዶቹም ሳቁ፤ ከመሀላቸው ሁለቱ ግን በእጃቸው የያዙትን ባዶ ብርጭቆ ቀስ ብለው ከጉልበታቸው ሥር ሲያስቀምጡ ታይተዋል። ጥሩዬ እንስራውን መልሳ አስቀመጠች፤ ወደ ቦታዋ ሄዳ ቁጭ አለች፤ እጆቿን አጣምራ ባሏን አየችው። ቦልቴ ብርጭቆውን አየ፤ ሚስቱን አየ፤ ብርጭቆውን አየ። ጆሮው ቀላ። ከዚያ፣ ለክብሩ ይነገርለት፣ ተነሣ። እንስራውን አነሣ። ግማሹን ምንጣፉ ላይ እያፈሰሰ ለራሱ ቀዳ። ሊቀመጥ ሲል ቆም አለና ለጥሩዬም ቀዳላት።

«ሂዱ» አለ። «ሁላችሁም ሂዱ።»

«ዮዮ ጊፋታ!» እየተባለ በዓሉ ተከብሮ፣ በሬው ተበልቶ፣ ድስቱ ሁሉ ታጥቦ ባለቀ በሳምንቱ፣ ሴቶች ብቻ የጫነ ሚኒባስ በዘፈን ከሶዶ ወረደ። ዘበኛው በሩን ከፈተ፤ አልጋነሽ በፊቱ ስታልፍ ነጠላዋን ወደ ኋላ ወረወረችበት። ክራባት ያሰረው ሰውዬ ዋጋውን ሲናገር ሁሉም በአንድ አፍ «ቁርጥ ነው!» አሉት፤ ግራ ገባው። ያቺ «አሟት ይሆናል» ያለችው ሴትዮ የመጀመሪያውን ሙቅ ውኃ አዘዘች፤ ብሥራት ስታመጣላት ድምፅዋን ከፍ አድርጋ «ሌላም እፈልጋለሁ!» አለች፤ ሌላው ምን እንደሆነ ግን ገና አልወሰነችም ነበር።

ጥሩዬ ለማንም ምንም አላሳየችም፤ አላስተማረችም። ወንበሯን መርጣ፣ ጫማዋን አውልቃ ተጋደመች። ከሰዓት በኋላ አልጋነሽ የሆነ ነገር ልትነግራት መጣች። ጥሩዬ ተኝታለች። በጠራራ ፀሐይ፣ በሰው ፊት፣ አፏን ከፍታ፣ እያንኮራፋች። አልጋነሽ ወንበሩ አጠገብ የተተከለውን ጃንጥላ ፀሐዩ ወዳለበት በኩል አዘነበለችላትና በእግሯ ጣት እየረገጠች ተመለሰች።